ድጥ ሌላ፣ ማጥ ሌላ፦ ለግምጃ ቤት መንገድ የትኛው የብስክሌት ጎማ?

ነሐሴ ነው እንበል። ሌሊቱን ሲያወርደው ያደረው ዝናብ ገና ማባራቱ ነው፤ ጉሙም ከባሕር ዛፉ ጫፍ አልተነሣም። አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ የመድኃኒት ቦርሳውን በጀርባው አዝሎ፣ በብስክሌት ከግምጃ ቤት ወጣ። ራቅ ባለ የገጠር ቀበሌ የታመመ ፈረስ ሊያይ ነው። ፒስታውን ጨርሶ ወደ እግር መንገዱ ሲታጠፍ ቁልቁለት ተቀበለው። መሬቱ ከላይ እርጥብ፣ ከሥር ደንዳና ነው፤ ቀዩ አፈር ቅቤ የተቀባ ይመስላል። ፍሬን ነካ አደረገ፤ መሪውንም በትንሹ ወደ ግራ አዞረ። የፊት ጎማው ከዳው። ብስክሌቱ መሪው ወደዞረበት ሳይሆን ቀጥ ብሎ ተንሸራተተና ከነጋላቢው ቦዩ ውስጥ ገባ።

ቦዩ ውስጥ ደግሞ ሌላ ጣጣ ጠበቀው። ጭቃው ጎማውን እስከ ቸርኬው ዋጠው። አውጥቶ ሊገፋው ሲል፣ በጎማውና በሹካው መካከል የተጠቀጠቀው ጭቃ አላዞር አለ። በፈረስ ሲያልፉ የነበሩ አንድ አባት ቆም ብለው አዩትና «አይዞህ ልጄ፤ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነብህ» አሉት።

ባለሙያውም አባትዬውም ለጨዋታው የተፈጠሩ ናቸው። መንገዱ፣ ጭቃውና የጎማው ክህደት ግን እውነት ነው። ተረቱም ቢሆን ከቀልድ ያለፈ ቁም ነገር አለው፤ ድጥንና ማጥን ለይቶ ያስቀምጣልና። ድጥ ከላይ የሚያንሸራትት ስስ እርጥበት ነው፤ ከሥሩ ጠንካራ መሬት አለ። ማጥ ደግሞ ታች የሌለው የሚመስል፣ የገባበትን የሚይዝ ጭቃ ነው። ለተራራ ብስክሌት ጎማ የሚመርጥ ሰው መጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው፦ በብዛት የሚጋልበው በድጥ ላይ ነው በማጥ? ወይስ ከጥቅምት እስከ ግንቦት በሚቆየው ደረቅ ኮረኮንች ላይ?

ግምጃ ቤት የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳው የሚገኝበት የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ከአገሪቱ ዝናብ ጠገብ ደጋዎች አንዱ ነው። የዞኑ ዋና ከተማ እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ ተቀምጣለች። በአቅራቢያዋ ያለው የዘንገና ሐይቅ ክብ ቅርጽ ምድሩ ከእሳተ ገሞራ የተሠራ መሆኑን ይመሰክራል። ከዚህ የመጣ ነው የአካባቢው መንገድ መልከ ብዙ የሆነው፦ ክረምት ላይ የሚያዳልጥ ቀይ አፈር፣ በየረግረጉ ጥቁር ዋልካ፣ በበጋ እንደ ዱቄት የሚቦን አቧራ፣ በየዳገቱ የተበተነ ጠጠር፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ ዝናብ ሲነካው የሚያብለጨልጭ ኮብልስቶን።

በዚህ ምድር የመጓጓዣ ንጉሡ ፈረስ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር፣ ሜዳው በተሸለሙ ፈረሶች ይሞላል። ፈረስ ድጥና ማጥን በኮቴው ይለያል፤ ያልወደደውን መሬት አልረግጥም ይላል። ብስክሌት ግን የጋላቢውን ምርጫ ነው የሚረግጠው። መሬትን የሚነካውም በሁለት ትንንሽ ቦታዎች ብቻ ነው፤ እያንዳንዳቸው ከእጅ መዳፍ ያነሱ።

አየርን ሥራ ያስያዘው የከብት ሐኪም

በአየር የሚነፋ ጎማ ለብስክሌት የበቃው በአንድ የእንስሳት ሐኪም እጅ መሆኑ ለዚህ ጨዋታ ይስማማል። ስኮትላንዳዊው ጆን ቦይድ ደንሎፕ በሰሜን አየርላንድ ቤልፋስት ከተማ ፈረስና ከብት ያክም ነበር። ትንሽ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱን በድንጋይ ንጣፍ መንገድ ላይ ሲነዳ መንገጫገጩን አየና የላስቲክ ቱቦ በአየር ሞልቶ በጎማው ዙሪያ ጠመጠመለት። እ.ኤ.አ. በ1888 የፈጠራ መብት አወጣበት። ከእሱ ቀደም ብሎ በ1840ዎቹ ሮበርት ቶምሰን የተባለ ሌላ ስኮትላንዳዊ ተመሳሳይ ሐሳብ አስመዝግቦ ነበር፤ ብስክሌት ገና ስላልተስፋፋ ግን ፈላጊ አላገኘም።

የደንሎፕ ሥራ መጀመሪያ የታየው እንደ ምቾት ነበር። ወዲያው ግን በአየር የተነፋው ጎማ ከድፍኑ ይልቅ ፈጣን መሆኑ በውድድር ሜዳ ተረጋገጠ። ድፍን ጎማ እያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ብስክሌቱንና ሰውዬውን አንሥቶ ያፈርጣቸዋል፤ ያ ሁሉ መነሣትና መውደቅ ከጋላቢው ጉልበት የሚከፈል ነው። አየር ያለው ጎማ ግን ድንጋዩን ውጦ ያልፋል። ይህ አንድ ነጥብ ዛሬም ግፊት ስንለካ ሊረሳ አይገባውም፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

የተራራ ብስክሌትም ቢሆን ከጎማ የተወለደ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በካሊፎርኒያ የታማልፓይስ ተራራ ግርጌ የሚኖሩ ወጣቶች፣ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካ ሲሠሩ የነበሩ ከባድ የልጆች ብስክሌቶችን እየሰበሰቡ ቁልቁለት ይለቋቸው ጀመር። የመረጧቸው ስለ ቅለታቸው አልነበረም፤ 26 በ2.125 ኢንች የሆነ ወፍራም ጎማ ስለነበራቸው ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1969 ዓ.ም. በይፋ ሰዓት ተይዞ የተወዳደሩበት ቁልቁለት «ሪፓክ» ይባላል፤ አንድ ጊዜ ቁልቁል ከወረዱ በኋላ የፍሬኑ ግሪስ ተቃጥሎ ስለሚያልቅ እንደገና መሞላት ነበረበት፤ ስሙ ከዚያ የመጣ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ፋጡማ ሮባ ማራቶን ባሸነፈችበት በአትላንታ ኦሊምፒክ፣ የተራራ ብስክሌት የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ።

የኢትዮጵያ የብስክሌት ታሪክ ግን በአመዛኙ የአስፋልት ታሪክ ነው። አገሪቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ሲሆን፣ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች አብረው ተሰልፈው ነበር። የመቐለው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ በ2008 ዓ.ም. ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። የእነዚህ ጋላቢዎች ጎማ ቀጭን፣ ጥርስ የሌለውና እንደ ድንጋይ የተነፋ ነበር። ከአስፋልቱ ወርዶ የገጠሩን መንገድ ለያዘ ሰው ያ ልማድ ብዙም አይጠቅመውም፤ እንዲያውም ያሳስተዋል።

የጎማው ግምጃ ቤት

ግምጃ ቤት የሚለው ቃል ውድ ዕቃ የሚቀመጥበትን ቤት ያመለክታል፤ ያስቀመጡትን በፈለጉ ጊዜ የሚያወጡበት። ጎማም የራሱ ግምጃ ቤት አለው። ሲሽከረከር መሬት የሚነካው ክፍል ይጨፈለቃል፣ ጎኑ ይለጠጣል፣ ጥርሶቹ ይጎብጣሉ። ይህን ለማድረግ ከጋላቢው ጉልበት ይወስዳል። ያ ክፍል መሬቱን ለቆ ሲነሣ ደግሞ ወደ ቅርጹ ይመለስና የወሰደውን ይመልሳል። የሚመልሰው ግን ሁሉንም አይደለም። የግምጃ ቤቱ ጠባቂ በየዙሩ ትንሽ ይቀንስበታል፤ የቀነሰው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ብስክሌተኛው «ጎማው ከበደኝ» የሚለው ይህን የጠባቂ ድርሻ ነው።

ታዲያ ጠባቂው ምንም የማይቀንስ ጎማ አይሻልም? በአስፋልት ላይ መልሱ አዎ ነው። በድጥ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሁለት የላስቲክ ኳሶች ይታሰቡ፤ አንደኛው መሬት ሲመታ ወደ ላይ ይነጥራል፣ ሁለተኛው ግን እንደ ሊጥ ተቀምጦ ይቀራል። የሚነጥረው ጉልበትን ይመልሳል፤ ስለዚህ ፈጣን ነው። የማይነጥረው ላስቲክ በእርጥብ ድንጋይ ሻካራ ገጽ ላይ ሲጫን በየቀዳዳው ይሰርጋል፤ ቶሎ ወደ ቅርጹ ስለማይመለስም ይዞት ይቆያል። መያዝ የምንለው በከፊል ከዚሁ ከማይመለሰው ጉልበት የሚገኝ ነው። ፍጥነትና መያዝ ከአንድ ቦርሳ የሚከፈሉ ዕዳዎች ናቸውና ሁለቱንም እስከ ጥግ አሟልቶ የያዘ ጎማ የለም።

ፋብሪካዎቹ ይህን በተለያየ መንገድ ያስታርቁታል። የላስቲክ ልስላሴ በ«ሾር» መለኪያ ይገለጻል፤ በ40ዎቹ መጀመሪያ ያለው በጣም ለስላሳ፣ 60 አካባቢ ያለው ጠንካራ ነው። ጥሩ ጎማ ብዙ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓይነት ላስቲክ ይሠራል፦ መካከሉ ጠንከር ብሎ እንዲፈጥንና ቶሎ እንዳያልቅ፣ ጎኑ ለስለስ ብሎ በመታጠፊያ ላይ እንዲይዝ። ከላስቲኩ ሥር ያለው የክር ሽመናም ልዩነት ያመጣል። በአንድ ኢንች ውስጥ 120 ክር ያለው ስስና ተጣጣፊ ስለሆነ በቀላሉ ይሽከረከራል፤ 60 ክር ያለው ወፈር ብሎ እሾህንና ስለታም ድንጋይን ይቋቋማል።

ደጋ ላይ ለሚኖር ጋላቢ አንድ የሚጨመር ነገር አለ። እንጅባራን በመሰለ ከፍታ ላይ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። አየር ጋላቢውን ወደ ኋላ የሚጎትትበት ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የጎማው ጉተታ ግን አይቀንስም። ስለዚህ በአዊ ደጋ ላይ ከጋላቢው ጉልበት ጎማው የሚወስደው ድርሻ ከቆላው ይበልጣል ማለት ነው።

ክብደትስ? ገበያ ላይ ብዙ ሰው ጎማ በእጁ አንሥቶ «ይሄ ቀላል ነው» ብሎ ይገዛል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። ያ ቦዩ ውስጥ የገባው የእንስሳት ሐኪም ከነብስክሌቱና ከነቦርሳው 85 ኪሎ ይመዝናል እንበል፤ ከመቶ ስድስት እጅ ያዘነበለ ዳገት ሲወጣ ወደ ኋላ የሚስበው ከአምስት ኪሎ ክብደት ጋር የሚመጣጠን ኃይል ነው። ሁለቱ ጎማዎች በድምሩ 300 ግራም ቢከብዱ በዚህ ላይ የሚጨምሩት 18 ግራም ብቻ ነው። የጎማው የመሽከርከር ጉተታ ከክብደቱ ከመቶ አንድ እጅ ወደ አንድ ተኩል ቢያድግ ግን ከ400 ግራም በላይ ይጨምራል፤ ከሃያ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ከሚዛኑ ይልቅ ላስቲኩን፣ ጥርሱንና አየሩን ማየት ያዋጣል።

አውራ ጣትና ፓምፕ

ሐኪሙ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ከተማ ተመለሰና ጎሚስታ ዘንድ ደረሰ እንበል። ወጣቱ ጎሚስታ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ሳቀ።

«ዶክተር፣ ይሄ ጎማ እኮ አይደለም፤ እንጨት ነው። ስንት ነፋኸው?»

«እንዳይተነፍስብኝ ብዬ ጠንከር አድርጌው ነበር።»

«ጠንክሮ ታዲያ በምን ይያዝ?»

የጎሚስታው ጥያቄ በቀላል ማካፈል ይመለሳል። ሁለት ባር ግፊት ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ሁለት ኪሎ ገደማ የሚሸከም አየር ማለት ነው። ከ85 ኪሎው ወደ 51 ኪሎ የሚሆነው በኋላ ጎማ ላይ ያርፋል ብንል፣ በሁለት ባር የተነፋ ጎማ 25 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ይነካል። አራት ባር ቢነፋ የሚነካው መሬት ወደ 13 ይወርዳል። ሐኪሙ «እንዳይተነፍስብኝ» ብሎ የጨመረው አየር መሬት የሚይዝበትን ቦታ በግማሽ ቀነሰበት።

«ግን ሲጠነክር ይፈጥናል» የሚል ክርክር ይነሣል። በልሙጥ አስፋልት ላይ እውነት ነው። በኮረኮንች ላይ ግን ያ የደንሎፕ ልጅ ታሪክ ይመለሳል፦ የጠነከረ ጎማ ድንጋዩን አይውጥም፣ ብስክሌቱንና ሰውየውን ያነሣል እንጂ። የመንቀጥቀጡ ኪሳራ ከጎማው መታጠፍ ኪሳራ ይበልጣል። ስለዚህ በሸካራ መንገድ ላይ አየር መቀነስ መያዝንም ፍጥነትንም አንድ ላይ ይጨምራል። ያለ ምንም ወጪ ሁለቱ የሚገናኙበት ብቸኛው ቦታ ይህ ነው።

ልክ የሚባለው ስንት ነው? ከ65 እስከ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 2.2 ኢንች ስፋት ባለውና የውስጥ ጎማ በገባበት ጎማ ላይ ከኋላ 2 ባር (በፓምፑ ሰሌዳ ላይ 29 ፒኤስአይ)፣ ከፊት 1.8 ባር አድርጎ ቢጀምር ጥሩ መነሻ ነው። በክረምት ጭቃ ትንሽ ይቀንሳል፤ ወደ ዳንግላ ወይም ወደ ቡሬ በአስፋልት ለመሄድ ወደ 3 ባር ይጨምራል። ድንበሩ ደግሞ በሁለት በኩል ነው። ከላይ፣ በጎማው ጎን የተጻፈው ከፍተኛ ግፊት አይታለፍም። ከታች፣ አየሩ ሲያንስ ጎማው ድንጋይ ሲመታ እስከ ቸርኬው ይጨፈለቅና የውስጡን ጎማ ይቆርጠዋል። ያን ጊዜ ጎሚስታው የሚያገኘው ጎን ለጎን የተበሱ ሁለት ቀዳዳዎችን ነው። አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ቀጋ ወይም አጋም ነው የወጋው፤ ጎማውን ከውስጥ በጣት ዳብሶ እሾሁን ሳያወጡ ማስቲሽ መለጠፍ ነገ ለመመለስ ቀጠሮ መያዝ ነው።

የአየር ችግር የዓለም ሻምፒዮኖችንም አይምርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች የተራራ ብስክሌት ውድድር ላይ እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክ በመሪነት ፉክክር ውስጥ እያለ የፊት ጎማው ተነፈሰ። ቆሞ ቸርኬ አስቀየረ፤ የባከነበትን ሰዓት ዙር በዙር አካክሶ በመጨረሻው ዙር ፈረንሣዊውን ቪክቶር ኮረትስኪን አልፎ ወርቁን ወሰደ። ነሐሱን ያገኘው የደቡብ አፍሪካው አላን ሃዘርሊ ነበር። የግምጃ ቤቱ ሐኪም ቸርኬ ይዞ የሚጠብቀው ረዳት የለውም። ስለዚህ ለእሱ እንደ ውድድር ጎማ የሳሳ ሳይሆን ጎኑ ወፈር ያለ ጎማ ይሻለዋል።

ዛሬ ብዙ ተወዳዳሪዎች የውስጥ ጎማ አይጠቀሙም። እ.ኤ.አ. በ1999 ማቪክ፣ ሚሽላንና ሃቺንሰን የተባሉ የፈረንሣይ ኩባንያዎች ያስተዋወቁት አሠራር የውጭውን ጎማ በቀጥታ ከቸርኬው ጋር አየር እንዳያስወጣ አድርጎ ያጣብቀዋል። ውስጡ የሚጨመረው ፈሳሽ ትንንሽ ቀዳዳዎችን ራሱ ይደፍናል። የሚጨፈለቅ የውስጥ ጎማ ስለሌለ በ1.5 ባር አካባቢ መጋለብ ይቻላል። ፈሳሹ ግን እየደረቀ በየጥቂት ወሩ መታደስ አለበት፤ ቸርኬውም ለዚያ የተሠራ መሆን ይኖርበታል። ፈሳሹን እንደ ልብ በማያገኙበት ከተማ የውስጥ ጎማ፣ ማስቲሽና ትንሽ ፓምፕ መያዝ አሁንም ብልህነት ነው።

ጥርስ ለምን?

ጎማ ሲመርጡ መጀመሪያ ዓይን የሚስበው ጥርሱ ነው። «ጥርሱ የበዛ ይይዛል» የሚለው አስተያየት ግን ግማሽ እውነት ነው።

በማጥ ውስጥ የሚሠራው ረጅምና የተራራቀ ጥርስ ነው። ርዝመቱ ጭቃውን ሰንጥቆ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት እንዲያገኝ፣ ርቀቱ ደግሞ የያዘው ጭቃ በሽክርክሩ እንዲረግፍ ነው። ጥርሱ ቢጠጋጋ ጭቃው በመካከሉ ይሞላና ጎማው ላጭተው የለቀቁት ይመስላል። እዚህ ላይ ስፋትም ጠላት ይሆናል፤ 2 ኢንች ገደማ ወይም ከዚያ ያነሰ ጠባብ ጎማ ወደ ታች ቆርጦ ይገባል፣ በራሱና በሹካው ወይም በክፈፉ መካከልም ጭቃው የሚያልፍበት ቦታ ይተዋል። የዋልካን ነገር ግን የትኛውም ፋብሪካ አልፈታውም። ዋልካ ላይ ወርዶ ብስክሌቱን መሸከም ከመግፋት ይቀላል።

ድጥ ሌላ ነው። ከሥሩ ጠንካራ መሬት ስላለ ስለት ያለው ጠርዝና ለስላሳ ላስቲክ ያስፈልጋል። ጥሩ ጎማ ጥርሶቹ ላይ ቀጫጭን ስንጥቆች ይኖሩታል፤ ጥርሱ ሲጫን ይከፈቱና ተጨማሪ ጠርዝ ይፈጥራሉ። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ጥርስ ራሱ ብዙም አይፈይድም፤ እዚያ የሚይዘው ላስቲኩ ነው። አየሩን ዝቅ፣ ፍሬኑን ቀስ ማድረግ ይበጃል።

በበጋ ደረቅ መሬት ላይ ያው ረጅም ጥርስ ሸክም ይሆናል። እያንዳንዱ ጥርስ መሬት በነካ ቁጥር ይጎብጣል፣ ይመለሳል፤ ጠባቂውም ድርሻውን ይቀንሳል። ጋላቢው አስፋልት ላይ የሚሰማው ያ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ የጉልበቱ ድምፅ ነው። ለበጋ የሚሻለው መካከሉ ላይ አጫጭርና የተጠጋጉ፣ የፊት ገጻቸው እንደ ዳገት የዘመመ ጥርሶች፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ከፍ ያሉና ጠንካራ ጥርሶች ያሉት ጎማ ነው። ቀጥ ብሎ ሲሄድ አጫጭሮቹ ይሽከረከራሉ፤ ሲታጠፍ ረጃጅሞቹ ይነክሳሉ። በላላ ጠጠርና አቧራ ላይ ሰፋ ያለ፣ ከ2.2 እስከ 2.4 ኢንች የሆነ ጎማ ይመረጣል።

አሁን ወደ ቦዩ እንመለስ። ሐኪሙን የጣለው የትኛው ጎማ ነበር? የፊተኛው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። የኋላው ጎማ ሲንሸራተት ብስክሌቱ ጭራውን ይወዘውዛል፤ ጋላቢው ክብደቱን አዛውሮ ሊያድነው ጊዜ አለው። የፊቱ ሲንሸራተት ግን መሪው ሥራውን ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው መውደቅ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራውም የፊቱ ጎማ ነው። የኋላው በበኩሉ የጋላቢውን ክብደት በብዛት ይሸከማል፣ ጉልበቱንም ወደ መሬት ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀውና ከጉተታው ትልቁን ድርሻ የሚይዘው እሱ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ደንብ ቀላል ነው፦ የሚይዘው ከፊት፣ የሚፈጥነው ከኋላ። ትልልቆቹ ፋብሪካዎችም በዚሁ ያምናሉ። የጀርመኑ ሽዋልቤ ለአገር አቋራጭ ውድድር «ሬሲንግ ሬይ»ን ለፊት፣ «ሬሲንግ ራልፍ»ን ለኋላ ብሎ ጥንድ አድርጎ ይሸጣል። የታይዋኑ ማክሲስ በቁልቁለት ውድድር በታወቀው «ሚንየን» ጎማው ላይ የፊቱንና የኋላውን በስም ለይቶታል። በጎማው ጎን የታተመውን ቀስት ማየትም ግድ ነው፤ ወደሚሽከረከርበት አቅጣጫ ካልገባ የጥርሱ ዝመት ተገልብጦ የሚፈጥነው ይከብዳል።

ቁጥሩን ማንበብ

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ሱቅ ውስጥ ነው። «ባለ 26» ወይም «ባለ 29» ብሎ መጠየቅ ሁልጊዜ አይበቃም። አስተማማኙ ቁጥር በጎማው ጎን በሰረዝ ተለይቶ የታተመው ነው፤ ለምሳሌ 54-559። የመጀመሪያው የጎማው ስፋት፣ ሁለተኛው ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬ ወለል ዲያሜትር በሚሊ ሜትር ነው። የተለመደው ባለ 26 የተራራ ብስክሌት 559፣ ባለ 27.5 ደግሞ 584፣ ባለ 29 ደግሞ 622 ነው። የድሮው ባለ 28 የቻይናና የህንድ ብስክሌት ብዙ ጊዜ 635 ሆኖ ይገኛል፤ ስሙ ከ29 ያነሰ ቢመስልም ቸርኬው ይበልጣል፣ የአንዱ ጎማ ለሌላው አይገባም። ሱቅ ከመሄድ በፊት አሮጌው ጎማ ላይ ያለውን ሁለተኛ ቁጥር በወረቀት መያዝ ከእንጅባራ ወይም ከባሕር ዳር ባዶ እጅ መመለስን ያስቀራል።

አንድ ብስክሌት ላለው፣ ዓመቱን ሙሉ ለሚጋልብና ሁለት ጥንድ ጎማ ለመግዛት አቅም ለሌለው የአዊ ሰው የሚስማማው ምርጫ እንግዲህ ይህ ነው። ከፊት 2.2 ኢንች ገደማ የሆነ፣ ጥርሱ መካከለኛ ርዝመት ያለውና የተራራቀ፣ ላስቲኩ ለስላሳ ጎማ። ከኋላ በስፋት ተመሳሳይ ወይም ትንሽ ጠበብ ያለ፣ መካከሉ ላይ ጥርሱ አጭርና የተጠጋጋ፣ ጎኑ ወፍራም፣ ላስቲኩ ጠንከር ያለ ጎማ። ክረምት ሲገባ አየሩን ዝቅ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ትንሽ ከፍ ማድረግ። ጠዋት በብርዱ የተነፋ ጎማ ቀን ፀሐይ ላይ ሲቆም እንደሚጠነክር ማስታወስ፤ ለአሥር ዲግሪ ሙቀት ልዩነት አንድ አሥረኛ ባር ገደማ ይጨምራል። ጎማን ከመጋለብ በፊት በአውራ ጣት መጫን ደግሞ አምስት ሰከንድ አይፈጅም።

ገንዘቡ ለአንድ አዲስ ጎማ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ አዲሱ ከፊት ይግባ። ከፊት የነበረው አሮጌ ወደ ኋላ ይዛወር፤ ከኋላ ያለቀው ይጣል።